ምኗ ነሽ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ውድ እማ፣

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምረው አላወቅሁበትም። «ውድ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ያስቸገረኝ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። አፌ የለመደው «እማ» ነው። ግን ፍርድ ቤት ውስጥ አንቺንም እኔንም አንገት ያስደፋን ይኸው ቃል ስለሆነ እጄ ፈራ። ቢሆንም ሌላ የምጠራሽ ስም የለኝም። ስለዚህ እማ፣ እንደምን ከርመሻል?

የምጽፍልሽ ከዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጬ ነው። የጠዋቱ ዳቦ አልቋል፣ የከሰዓቱ ገና ምድጃ ውስጥ ነው። ጋሼ መጋዘን ገብተው ዱቄት ያስቆጥራሉ። ሚስታቸው እትዬ ደጅ ቆመው ከጎረቤቷ ፀጉር ሠሪ ጋር እያወሩ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር ተነሥቼ መሸጥ ስላለብኝ ነገሬ ቢቆራረጥብሽ ይቅር በይኝ። የዱቄት መኪናው ሹፌር ማራገፉን ሲጨርስ በአንቺ ሰፈር ያልፋል፤ ደብዳቤውን የምሰጠው ለሱ ነው። እሱ ሳይሄድ መጨረስ አለብኝ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ጋሼ የአባዬ ወንድም ስለሆኑ በሕግ ሞግዚቴ ሆነው እንዲሾሙ አመልክተዋል። ዳኛዋም «ልጅቷን ይዛችሁ ኑ» ብለዋል። ዳኛዋ ያኔ አንቺ ፊታቸው የቀረብሽው ሰውዬ አይደሉም፣ ሌላ ናቸው። ነገ ከተፈቀደላቸው ጋሼ ሌላ ከተማ ወደሚከፍቱት አዲስ ዳቦ ቤት ይዘውኝ ይሄዳሉ። ሩቅ ነው እማ። ይህ ሹፌር እንኳ እዚያ አይደርስም። እዚያ ከሄድኩ ወዳንቺ የምመለስ አይመስለኝም።

እንዳይመስልሽ፣ እዚህ ማንም አልበደለኝም። ጋሼ አንድም ቀን እጃቸውን አንሥተውብኝ አያውቁም። ያስተኙኝ ከምድጃው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ግድግዳዋ ሁልጊዜ ይሞቃል። እትዬም ቢሆኑ ምላሳቸው እንጂ ልባቸው ክፉ አይደለም። ዝምታዬ ነው የሚያበሳጫቸው። «አንቺ ልጅ፣ ዝምታ ለበግም አልበጃት! ደንበኛ ሲመጣ ቢያንስ ጥርስሽን አሳዪው፣ አይከፈልበት!» ይሉኛል። እኔ መሳቁ ሲያቅተኝ ራሳቸው በኔ ፈንታ ይስቃሉ። ደንበኛው ለምን እንደተሳቀበት ሳይገባው ዳቦውን ይዞ ይሄዳል።

ግን እማ፣ እዚህ ቤት ተረጋግቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም። እቀመጥና እነሣለሁ። ደጅ እወጣና ምን ልሠራ እንደወጣሁ እረሳለሁ። ያጠፍኩትን አንሶላ እዘረጋና እንደገና አጥፈዋለሁ። እትዬ «ምነው፣ ጉንዳን ወጣብሽ እንዴ?» ብለውኝ ያውቃሉ። ጉንዳን ቢሆን አራግፈው ነበር። የማልረጋበትን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺም ጭምር። ዛሬ ልናገር ነው።

ጋሼ ሊወስዱኝ የመጡ ዕለት ትዝ ይልሻል? አባዬ ከተቀበረ ብዙም አልቆየም ነበር። አንቺ መስኮቱ ሥር ሆነሽ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሽ ነበር፣ ሜትሩ አንገትሽ ላይ። ጋሼ ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት። «እህቴ፣ ትልቅ ውለታ ውለሻል፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ። ግን የወንድሜ ልጅ እኔ ቆሜ እያለሁ በሰው ቤት አታድግም። ሥጋዬ ናት» አሉ።

አንቺ አልመለስሽላቸውም። እግርሽም የስፌት መኪናውን መርገጡን አላቆመም። መርፌው ይወጣል፣ ይወርዳል። አጠገብሽ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ ክሩ ተበጥሶ ነበር። ያለ ክር ነበር የምትሰፊው። መጨረሻ ላይ «ልብሷን ላሰናዳ» ብቻ አልሽ።

እኔ የፈለግሁት እንድትጮኺ ነበር። «አላስነካትም!» ብለሽ በሩ ላይ እንድትቆሚ። ዝም ስትዪ አንድ ሐሳብ እንደ እሾህ ገባብኝ። «የወለደችኝ ብትሆን ኖሮ ትጮህ ነበር» አልኩ በሆዴ። ይህን ማሰቤን አታውቂም። እኔ ግን እዚህ የምነሣውና የምቀመጠው በሱ ነው። አንዳንዱን ቀን አምነዋለሁ፣ አንዳንዱን ቀን አፍርበታለሁ።

ቆይ፣ ሰው መጣ።

ተመለስኩ። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ነው። «የትናንቱ ዳቦ ይሻል ነበር» አለኝ። «የትናንቱ ትናንት አልቋል» አልኩት። እትዬ ከደጅ ሰምተው «እሰይ! ተናገረች!» ብለው አጨበጨቡ። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ከየት አቆምኩ? አዎ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደሽ «ልጄ ትመለስልኝ» ብለሽ ማመልከትሽን ስሰማ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቀጠሮው ዕለት ጋሼ እኔንም ይዘውኝ መጡና ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። አንቺ ለሰው ሠርግ ብቻ የምታወጪውን ሰማያዊ ኮትሽን ለብሰሽ ቆመሻል። ጀርባሽ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ዳኛው «ምኗ ነሽ?» አሉሽ።

«እናቷ ነኝ» አልሽ። ድምፅሽ ጥርት ያለ ነበር።

ጋሼ ተነሥተው የሞት ማስረጃ አቀረቡ፤ እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሞተችው የወላጅ እናቴ ነው። ዳኛው ወረቀቱን አዩ፣ አንቺን አዩ። «እናቷ ሞታለች ነው የሚለው። ታዲያ አንቺ ማነሽ?» አሉ።

ያኔ ነው ዝም ያልሽው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ እሷን ግን አላወጣሻትም። ቆይተሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ «እናቷ ነኝ» ብለሽ ያንኑ ደገምሽ። ጋሼ «ይኸው፣ ፍርድ ቤት ፊት ትዋሻለች!» አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። ስትወጪ አገጬን ያዝ አድርገሽ «ዳቦ ብቻ እየበላሽ እንዳትከሺ» አልሽኝና ሄድሽ።

ያቺን ቃል ለምን እንዳላወጣሻት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ «እንጀራ እናት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠይቄሽ ነበር። አንዲት ልጅ ናት «እንጀራ እናትሽ ናት እኮ፣ ትመታሻለች?» ያለችኝ። አንቺ መቀሱን አስቀመጥሽ። «ያ ቃል እዚህ ቤት አይገባም። ጫማሽን ስታወልቂ እሱንም ደጅ አውልቀሽ ነው የምትገቢው» አልሽኝ። አባዬ ከአውቶቡስ መንዳት ደክሞት መጥቶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሳቀና «እንግዲህ በዚህ ቤት ሦስት ነገር ክልክል ነው፤ ጭቃ፣ ሐሜትና ያቺ ቃል» አለ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እንኳ ቃሏ ካመለጠችው አባዬ «ቅጣት!» እያለ ለኔ ማስቲካ ያስገዛው ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም የቤት አከራያችንን ሁለት አስገዛቸው።

ለሌላ ሰው ይህ ጨዋታ ይመስለዋል። ለእኛ ግን ቤቱ የቆመው በሱ ነበር። ኩፍኝ ሲይዘኝ በጀርባሽ አዝለሽ ክሊኒክ ስትወስጂኝ፣ ነርሷ «የልጅቷ ምኗ ነሽ?» ብትልሽ፣ ላብሽ እየተንጠባጠበ «እናቷ!» ብለሽ ጮኸሽባታል። ቀሚስ ስትሰፊልኝ ከታች ሰፊ እጥፋት ትተዪ ነበር። «ለሚመጣው ዓመት ነው፣ ቁመትሽ አያስቸግረኝም» ትዪኝ ነበር። የሚቀጥለውን ዓመት እንደማናጣው እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው እንዲህ የሚሰፋ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ደጅ ያስቀመጥናትን ቃል፣ ዳኛ ስለጠየቀሽ ብቻ፣ እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እየሰማሁሽ እንዴት ታወጪያታለሽ? እንዳልሰማት ብለሽ ነው። አሁን ገብቶኛል። ያኔ ግን አልገባኝም ነበር። «አልቻለችም፤ ምንም ስላልሆንን ነው» ብዬ ነበር የተመለስኩት። አንቺም ሕጉ «ምኗም አይደለሽም» ያለሽ መስሎሽ እንደተቀመጥሽ እገምታለሁ።

አይደለም እማ! ሕጉ እንደዚያ አላለም። ይህን ልነግርሽ ነው የምጽፈው።

እትዬ ጠሩኝ። ቆይ።

ተመለስኩ። ትሪ እንዳጥብ ነበር። እግረ መንገዴን ደጅ የሚያወሩትን ሰማሁ፣ እንዳለ ልጻፍልሽ።

«ነገ ነው አይደል?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ነገ ነው። ያልቅልናል።»

«ያቺ ልብስ ሰፊስ? ተመልሳ አትመጣም?»

«በምን አፏ? አንዴ ዋሽታ ተይዛለች። ደግሞስ ምኗ ናትና?» አሉ እትዬ።

«እኔማ ሦስት ዓመት ያሳደግኳትን ድመት ጎረቤት ቢወስድብኝ ሰፈሩን ነው የማምሰው። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ዓመት ልጅ አሳድጋ ዝም አለች ማለት…»

«ማለት ምን?»

«ማለት ወይ አልወደደቻትም፣ ወይ የሕጉን መንገድ የሚነግራት ሰው አጣች።»

«አንቺ ፀጉርሽን ሥሪ!» አሉ እትዬ።

«ሁለተኛው ነው! ሁለተኛው ነው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ትሪውን ይዤ ቆምኩ እንጂ።

የሚነግርሽ ሰው እንግዲህ እኔ ልሁን። ባለፈው ሰኞ ፍርድ ቤቱ አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ልኮ ነበር። ልጆች እንዴት እንደተያዙ እየዞሩ የሚያዩ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወንበር ሳይመጣላቸው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ጥቁር ቀሚሳቸው ከኋላ ነጭ ሆነ፣ ደፍሮ የነገራቸው ግን የለም።

«ከልጅቷ ጋር ለብቻ ልነጋገር» አሉ።

«ለብቻ?» አሉ እትዬ። «ምን ለብቻ ያስፈልጋል! ዓይነ አፋር ናት እኮ። እኔ ነኝ አፏ።»

«አፏ እርስዎ ከሆኑ ጆሮዋን ለኔ ይተዉልኝ።»

እትዬ ግን ንቅንቅ አላሉም። «እዚህ ደስተኛ ነሽ?» ስባል «በጣም!» አሉ እትዬ። «ትምህርትሽን ለምን አቋረጥሽ?» ስባል «ለጊዜው ነው» አሉ እትዬ። «ከአጎትሽ ጋር ሌላ ከተማ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ስባል፣ እትዬ አፋቸውን እንደከፈቱ ዳቦ አረረና ወደ ምድጃው ሮጡ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሴትዮዋ ጠበቁኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ተነሥተው ሄዱ፤ የገዙትን ዳቦ ባንኮኒ ላይ ረስተው።

ዳቦውን አንሥቼ ሮጥኩ። እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። መታጠፊያው ላይ ደረስኩባቸው።

«ዳቦዎን ረስተው።»

«ተባረኪ» አሉ። እኔ አልሄድኩም። እሳቸውም አልሄዱም።

«አንድ ጓደኛ አለችኝ» አልኩ።

«እሺ።»

«ያሳደገቻት የወለደቻት አይደለችም። አጎቷ መጥተው ወሰዷት።»

«ስንት ዓመቷ ነው ጓደኛሽ?»

«ዐሥራ ስድስት።»

«እንደ አንቺ።»

«አዎ። እሷም ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው» አልኩ ሳላስበው።

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ በቁም ነገር «ያሳደገቻት ሴት ፍርድ ቤት ሄዳ ነበር?» አሉኝ።

«ሄዳለች።»

«ምኗ ነኝ ብላ?»

«እናቷ ነኝ ብላ።»

«ወልዳታለች?»

«አልወለደቻትም። ግን ውሸቷን አይደለም!» ድምፄ ከፍ ሲል ራሴም ደነገጥኩ።

«ውሸቷን ነው አላልኩም» አሉ። «ግን ፍርድ ቤት ‹ትወጃታለሽ ወይ?› ብሎ አይጀምርም። ‹ምኗ ነሽ?› ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለ ልጅ፣ ወላጅ በወላጅነቱ ይጠይቃል። የተሾመ ሞግዚትም በሞግዚትነቱ ይጠይቃል። ወላጅ ሳይሆን ልጁን ይዞ የኖረ፣ ያሳደገ ሰው ደግሞ አለ፤ የአባት ሚስት ትሁን፣ አያት ትሁን፣ አክስት ትሁን። እሱ አስቀድሞ ‹አሳድጌያታለሁና ልጠይቅ ይፈቀድልኝ› ይላል። ከተፈቀደለት ይሰማል። ያቺ ሴት በራሷ በር ብትመጣ ኖሮ ትሰማ ነበር። በእናት በር ነው የመጣችው፤ እዚያ ደግሞ የሟች ወረቀት ቀድሞ ቆሟል።»

«መዝገቡ ተዘግቷል እኮ።»

«የተዘጋው ወላጅ አይደለሽም ተብሎ ነው። አሳዳጊነቷን የመረመረው ማን ነው? ማንም የለም። ስለዚህ ማሳደጓን ተናግራ፣ ምስክር ይዛ፣ እንደገና መምጣት ትችላለች።»

እማ፣ መንገዱ መሃል ነበርኩ፣ አንዱ መኪና ጡሩንባ ነፋብኝ።

«ልጅቷስ? ራሷ መጠየቅ አትችልም?» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። «የምትጠይቀውን በደንብ የምትረዳ ከሆነች፣ እሷም አስፈቅዳ መጠየቅ ትችላለች። ባትጠይቅ እንኳ ዳኛዋ ሐሳቧን ይጠይቋታል። ግን ለጓደኛሽ ንገሪያት፤ መጠየቅ መቻልና ማሸነፍ አንድ አይደለም። አጎቷም የሚናገረው አለው። ደግ ሰው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ዳኛዋ የሚመዝኑት ለልጅቷ የሚሻላትን ነው።»

«እርስዎ ለዳኛዋ ሊነግሩልኝ… ሊነግሩላት አይችሉም?»

«የሰማሁትን እጽፋለሁ። እስካሁን የሰማሁት ግን የአጎቷን ሚስት ነው» አሉኝና መንገዱን ተሻገሩ። ቀሚሳቸው ከኋላ ነጭ መሆኑን ልነግራቸው ፈልጌ እሱንም አፈርኩ።

እማ፣ ከሰኞ ጀምሮ ውስጤ አንድ ነገር ይሮጣል። የምነግረው ሰው የለኝም። ዳቦ እየጠቀለልኩ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል መሰለኝ፣ ትናንት አንዲት ደንበኛ «ምን አልሽኝ?» ብላኛለች።

ትናንት ማታ ደግሞ ጋሼ ጠሩኝ። የሊጥ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት በትነው በጣታቸው የአዲሱን ዳቦ ቤት ሥዕል ሳሉልኝ። «እዚህ ምድጃው፣ እዚህ ባንኮኒው፣ እዚህ ደግሞ ያንቺ ወንበር። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ከዚያ «አባትሽና እኔ ልጅ ሳለን አብረን ዳቦ ቤት ልንከፍት ነበር። እሱ መሪ ጨብጦ ጠፋብኝ። ይኸው አሁን አንቺ መጣሽልኝ» አሉ። ዞር ብለው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ ቀረ። «ዳኛዋ ሲጠይቁሽ ለንግግሩ አትጨነቂ፣ ዓይነ አፋር መሆንሽን ነግሬያቸዋለሁ። አንገትሽን ነቅነቅ ካደረግሽ ይበቃል» አሉኝ።

አንገቴን ነቀነቅኩላቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ክፍሌ ገብቼ ግን ያንን አንገቴን ጠላሁት። ሰው ክፉ ሲሆንብሽ እምቢ ማለት ይቀላል እማ። ጋሼ ክፉ ቢሆኑልኝ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት አለ።

ሹፌሩ ውኃ ሊጠጣ ገብቶ ነበር። «ደብዳቤው አላለቀም? እኔ እኮ ዱቄት ነው የምጭነው፣ ሰው አልጠብቅም» አለኝ። ባለፈው በአንቺ በኩል ሲያልፍ አይቶሽ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አይቻታለሁ። ሱሪዬን አጠበበችልኝ። ‹ልጅቷ ቁመቷ የት ደረሰ?› አለችኝ። እኔ ሜትር ይዤ ነው እንዴ የማራግፈው? ‹ከዱቄት ጆንያ ትበልጣለች› አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። ጨርቅ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረች።»

ይህን ሲለኝ ባንኮኒውን ያዝኩት።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይኸን ነው። ነገ ጠዋት ነይ። ጋሼ ከመሾማቸው በፊት ዳኛዋ ፊት ቁሚ። «ምኗ ነሽ?» ሲሉሽ ያቺን ቃል ተናገሪያት። «የአባቷ ሚስት ነኝ። እንጀራ እናቷ ነኝ። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ልጠይቅ ይፈቀድልኝ» በይ። እኔ አላዝንም። ደጅ ላይ ብትጮኺው አላዝንም። እኛ ቤት አትገባም ያልናት ቃል ፍርድ ቤት ካስገባችን ምን ቸገረን? የቤት አከራያችንን ይዘሻቸው ነይ፤ ማስቲካ የገዙ ሰው ናቸው፣ ከሳቸው የተሻለ ምስክር የለም። ክሊኒኩም ያውቅሻል። አስተማሪዬም ያውቁሻል፣ በየስብሰባው የምትቀመጪው አንቺ ነበርሽ።

ግን እማ፣ ምናልባት ለምደሽው እንደሆነ፣ ምናልባት አሁን ቤቱ ሰፍቶሽ፣ ልብሽ አርፎ እንደሆነ፣ ለይሉኝታ ብለሽ እንዳትመጪ። ይህን መጻፍ ከሁሉም በላይ ከብዶኛል። አልቀየምሽም። አለቅስ ይሆናል፣ አልቀየምሽም ግን። አንቺ መጣሽም ቀረሽም እኔ እናገራለሁ። ዳኛዋ ወዳንቺ ባይመልሱኝ እንኳ፣ ቢያንስ ጠይቄ ይሆናል የተከለከልኩት። ጋሼ ጋ ብቀር እንኳ እየመጣሁ እንዳይሽ፣ ትምህርቴን እንድጨርስ እጠይቃለሁ። ይህንንም መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ሴትዮዋን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ዳኛዋን እጠይቃቸዋለሁ።

ሹፌሩ ሞተር አስነሥቷል። እትዬም «ያቺ ልጅ የት ገባች?» እያሉ ነው። የነገውን ልንገርሽና ላብቃ።

ዳኛዋ ፊት ምን እንደምል አውቄዋለሁ። «እባክዎ፣ ልጠይቅ ይፈቀድልኝ» ነው የምለው። ድምፄ ቢጠፋ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ እስኪመጣ አልቀመጥም። ስሠጋ የዋልኩት ግን በሱ አይደለም። ከሱ በፊት ባለው ነው። ጋሼ ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት፣ ዳኛ ፊት መስማት የለባቸውም። እንደዚያ ባደርግ የሰው ፊት ማየት ያቅተኛል። ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያውን ዳቦ ምድጃ ሲከቱ ብቻቸውን ናቸው፣ እትዬ ገና አይነሡም። ነገ ያን ሰዓት አጠገባቸው እቆማለሁ። «ጋሼ፣ አንገቴን የነቀነቅሁት ፈርቼ ነው። ወደ እማ መመለስ ነው የምፈልገው። ዛሬ ለዳኛዋም ይህንኑ ነው የምናገረው። እርስዎን ጠልቼ አይደለም» እላቸዋለሁ። እስኪመልሱልኝ አልሮጥም። ቢቆጡም፣ ቢያለቅሱም፣ ዝም ቢሉም እዚያው እቆማለሁ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን። አልወስድሽም ካሉኝ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፍርድ ቤቱን አውቀዋለሁ።

አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅሽ